ጸበሉ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል

እህቴ፣ «ልጄ የማስታወክ ማቆሚያ ክኒን ከዋጠች በኋላ አንገቷ ተጣሞ ቀረ፤ ጸበል ልውሰዳት ወይስ ሐኪም ቤት?» ያልሽውን ሳነብ የእኔዋ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ቀጣዩን ክኒን እንዳትሰጫት።

አንደኛ፣ የክኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ። እኔ ባለመያዜ ልጄን ሦስት ሰዓት አሰቃየኋት። እዚሁ ሐዋሳ፣ ከአንድ ክሊኒክ የተሰጣትን ክኒን በጀመረች ማግስት፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ መንጋጋዋ ተያዘ። ዓይኖቿ ጣሪያው ላይ ተሰቀሉ፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ አልመለስ አለ። ገና 16 ዓመቷ ነው። ጎረቤት «ቡዳ በልቷታል» ብሎ ተንጫጫ። እሷ ግን ሁሉንም ትሰማ ነበር፤ ስጠራት እጄን ጨበጥ ታደርጋለች።

ሁለተኛ፣ «ታስመስላለች» ቢሉሽ ንቅንቅ እንዳትዪ። ተረኛዋ ነርስ ልጄን ቀና ብላ እንኳ ሳታያት «ፈተና ደርሶባት ይሆናላ» አለችኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። ሐኪሙ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጠርጥሮ ቁስል ይፈልጋል። «ምን ወሰደች?» ሲለኝ «ነጭ ክኒን» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ባለቤቴ በባጃጅ ቤት ደርሶ ማሸጊያውን አመጣ፤ ሜቶክሎፕራማይድ ይላል፣ ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለው የማስታወክ ማቆሚያ። ሐኪሙ ገና ሲያየው ገባው። ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጣት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኗ ወረደ፣ አንገቷ ተፈታ፣ «እማዬ፣ ውኃ» አለች።

ሜቶክሎፕራማይድ አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳውን የዶፓሚን ኬሚካል ሥራ ስለሚያግድ ጡንቻ ያለ ፈቃድ እንደሚኮማተር ያስረዳኝ ሐኪሙ ነው። ልጆችንና ወጣቶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ውስጥ። በታዘዘው ልክ የወሰደም ይገጥመዋል፤ ስለዚህ «አብዝተሽ ሰጥተሻት ነው» የሚልሽን አትስሚ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃታት ግን ወረፋ የሚባል ነገር አትቀበዪ፤ ጮኸሽም ቢሆን ግቢ።

ሲሻላት ደግሞ ተጣድፈሽ አትውጪ። የመርፌው ኃይል ሲያልቅ ሊያገረሽ ስለሚችል ለጥቂት ቀናት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቂ፤ የእኔዋን ማታውኑ አገጯን መልሶ ይዟት ነበር። ካርዷ ላይ «ሜቶክሎፕራማይድ አይሰጣት» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ያስጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም ሳትወጪ አስጽፊ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሺ አንዲት ቃል ጻፊልኝ፤ አልተኛም።