ሕፃን ይዘው ወደ ውጭ አገር ለሚጓዙ እናት፦ ስለ ኩፍኝ ክትባት

የስምንት ወር ልጅዎን ይዘው በሚቀጥለው ወር ወደ ውጭ አገር እንደሚጓዙ ገልጸው፣ የሚሄዱበት አገር ሕክምናው የተሟላ ስለሆነ የኩፍኝ ክትባቱን እስኪመለሱ ማቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ተጓዦች በሚከተቡበት ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ እባክዎ አያቆዩት።

የአገር ሀብት ኩፍኝን አያግደውም። የታመመ ሰው ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ በሽታውን ያስተላልፋል፤ በእነዚያ ቀናት ያለበት ትኩሳት፣ ሳል፣ ንፍጥና የዓይን መቅላት ብቻ ስለሆነ ጉንፋን ነው ብሎ አውሮፕላን ይሳፈራል። ቫይረሱ በሽተኛው ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። አሜሪካ ኩፍኝን ማስወገዷን እ.ኤ.አ. በ2000 ካስታወቀች በኋላ እንኳ፣ በ2019 ከ1,200 በላይ ሰዎች ተይዘውባታል፤ አብዛኞቹም ያልተከተቡ ነበሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የደሴት አገር የሳሞአ ጉዳይ ነው። በ2018 ሁለት ሕፃናት ክትባታቸው በስህተት ከሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ስለተሰጣቸው ሞቱ፤ ጥፋቱ የክትባቱ ባይሆንም ክትባት መስጠቱ ለወራት ተቋረጠ፣ ወላጆችም ፈሩ። በማግስቱ ዓመት ኩፍኝ ከኒውዚላንድ በመጣ ተጓዥ ሲገባ፣ 200,000 ያህል ሕዝብ ባላት በዚያች አገር 83 ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ከስድስት ወር በላይ የሆነ ሕፃን ለጉዞ ሲባል ቀደም ብሎ ሊከተብ ይችላል፤ ቢቻል ከመነሻው ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ሆኖም በዚህ ዕድሜ ከእናቱ የወረሰው የመከላከል አቅም ክትባቱን ሊያዳክመው ስለሚችል፣ ይህ ዶዝ ከሁለቱ መደበኛ ዶዞች አንዱ ሆኖ አይቆጠርም። ብዙ ወላጆች ካርዱን እያሳዩ «ወስዷል እኮ» ስለሚሉኝ፣ እኔ ከቀኑ ጎን «ለጉዞ የተሰጠ» ብዬ እጽፍበታለሁ፤ የእርስዎም ነርስ እንዲህ ብላ እንድትጽፍልዎ ይጠይቁ።

እርስዎም መከተብዎን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለዎት ይከተቡ፤ ደግሞ መውሰድ ጉዳት የለውም። ሁለቱ ዶዞች ቢያንስ በ28 ቀናት መራራቅ ስላለባቸው ከዛሬ ቢጀምሩ ይሻላል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስላለበት አይሰጥዎትም፤ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ከተመለሳችሁ በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳትና ሽፍታ ከታየ፣ ወደ ሕክምና ከመሄድዎ በፊት ስልክ ደውለው ከየት እንደመጣችሁ ይንገሩ፤ ለመከተብ ዕድሜያቸው ካልደረሰ ሕፃናት ጋር አንድ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ እንዳትቀመጡ ለብቻ ይቀበሏችኋል።