ዋየርሻርክን የጂፒኤስ ቋንቋ ስለማስተማር ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። እኔ ገላን መኪና ማቆሚያዎቹ አካባቢ ለጭነት መኪና ጂፒኤስ ከሚገጥሙት ልጆች ጋር ነው የምሰራው፣ መግጠሙን እነሱ ይሰሩታል እኔ ሰርቨሩ ላይ የሚደርሰውን ፓኬት አያለሁ። ባለፈው "ዲሴክተር በሉዋ ጻፍኩ" ብዬ ተናግሬ በውስጥ መስመር ጥያቄ አጥለቀለቃችሁኝ፣ ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት እስካለ ድረስ እዚሁ ጠይቁኝ። ለማያውቅ፦ ዋየርሻርክ በኔትወርክ የሚያልፈውን ፓኬት ይዞ እየፈታ የሚያሳይ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ዲሴክተር ደግሞ ለአንድ ፕሮቶኮል (መሳሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) "ይቺ ባይት ይሄ ናት፣ ያቺ ያ ናት" ብሎ የሚነግረው ኮድ፣ ሉዋ ደግሞ ኮዱ የሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ። ከስልክ ስለምጽፍ ኮድ አልለጥፍም፣ በቃል ነው የማስረዳው።

ከለገጣፎ፦ ጂቲ06 የሚባለውን ፕሮቶኮል የሚናገር የጂፒኤስ ትራከር አለኝ፣ ዋየርሻርክ ግን "ዳታ" ብሎ ቁጥር ብቻ ይደረድርልኛል። ከየት ልጀምር?

ኮዱን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። አንድ ፓኬት ወረቀት ላይ ገልብጥ፣ የምር በእስክርቢቶ። ትራከሩ መጀመሪያ የሚልከው የመግቢያ ፓኬት ስለሆነ እሱን ያዝ፣ 18 ባይት ነው። ሲጀምር 78 78 ይላል፣ ይሄ "እኔ ነኝ" ማለቱ ነው። ቀጥሎ 0ዲ አለ (ሄክስ ማለት በ16 የሚቆጥር የቁጥር አጻጻፍ ነው፣ ፊደሉን በኛው ነው የምጽፈው ታገሱኝ)፣ 0ዲ ማለት 13 ነው፣ ርዝመቱ። የምን ርዝመት? ከሱ በኋላ ያለው፣ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ባይቶች ሳይጨምር። ቁጠረው፦ የፓኬቱ አይነት 1፣ አይኤምኢአይ (የመሳሪያው መለያ ቁጥር) 8፣ ተራ ቁጥር 2፣ ማረጋገጫው ሲአርሲ 2፣ ድምሩ 13። ከዛ 0ዲ 0ኤ ብሎ ይዘጋል። 13 ላይ 5 ስትጨምር 18 ይሰጥሃል፣ ይቺን "ርዝመት ሲደመር 5" ያዛት፣ በኋላ ታስፈልግሃለች። በእጅህ ቆጥረህ ካልገጠመልህ በኮድም አይገጥምልህም፣ እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ያባከንኩት ይሄን ዘልዬ ነው።

አይኤምኢአዩ ደግሞ 15 አሃዝ ሆኖ ሳለ 8 ባይት ውስጥ የገባው እያንዳንዷ ግማሽ ባይት አንድ አሃዝ ስለያዘች ነው፣ ፊት ላይ ዜሮ ይጨመርበታል። ስለዚህ ወደ ቁጥር አትቀይረው፣ ሄክሱን እንዳለ አንብበው። የለጠፍከውን የስክሪን ፎቶ ግን አጥፋው፣ የሰው መኪና አይኤምኢአይ ሙሉውን ይታያል።

ከሰበታ፦ ላፕቶፔ ላይ ዋየርሻርክ ከፍቼ መኪናው አጠገብ ቆምኩ ምንም አልያዘልኝም

አይይዝልህም። ትራከሩ በራሱ ሲም ነው የሚልከው፣ ያንተን ዋይፋይ አያውቀውም። መያዝ ያለብህ ሰርቨሩ ላይ ነው፣ እዛ ቲሲፒደምፕ የሚባለውን ፓኬት መያዣ በትራከሩ ፖርት (ሰርቨሩ ላይ በሚገባበት የበር ቁጥር) ብቻ ገድበህ ፋይል ላይ አስጽፍና ፋይሉን አምጥተህ በዋየርሻርክ ክፈተው። የራስህ ሰርቨር ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህ መሆን አለበት፣ ይሄን መቼም ታውቀዋለህ።

ከቡራዩ፦ ሲ ነው ሉዋ መማር ያለብኝ?

ሉዋ። ሲ ፈጣን ነው ግን የዋየርሻርክን ሶርስ ኮድ አውርደሽ ኮምፓይል ማድረግ አለ፣ ለአንድ ትራከር ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግሽም። ሉዋ ላይ አራት ነገር ነው የምትጽፊው፦ ፕሮቶኮሉን በስም መፍጠር፣ የፊልዶቹን (እንደ ፍጥነትና አቅጣጫ ያሉ) ዝርዝር መስጠት፣ ፓኬቱ ሲመጣ የሚጠራ ፋንክሽን (ባይቶቹን፣ የፓኬቱን መረጃና የሚታየውን ዛፍ ይቀበላል)፣ በመጨረሻም ያንን ከፖርት ቁጥር ጋር ማገናኘት። ብዙ ሰው መጨረሻዋን ይረሳና "ኮዴ አይሰራም" ይላል፣ ኮዱ ይሰራል እኮ የሚጠራው ነው የጠፋው። ፋይሉን የት እንደምታስቀምጪ ለማወቅ እርዳታ የሚለው ሜኑ ውስጥ ስለ ዋየርሻርክ የሚለውን ከፍተሽ ፎልደሮች የሚለውን እዪ፣ የግል ፕለጊን ፎልደርሽን ይነግርሻል። ኮዱን ስትቀይሪ ዘግቶ መክፈት አያስፈልግም፣ ኮንትሮል ሺፍት ኤል።

አንድ ነገር፣ በ2024 ከወጣው 4.4 ጀምሮ ሉዋ 5.1ና 5.2 ቀርተዋል፣ ስለዚህ ከሰው የወሰድሽው የድሮ ኮድ ስህተት ካወጣ መጀመሪያ የስሪቱን ነገር ጠርጥሪ።

ከኮዬ ፈጬ፦ እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ ግን ላቲቱዱ 1342 ዲግሪ ይላል፣ አቅጣጫውም 5452። ባይቶቹ 00 ኤፍ3 12 90 እና 15 4ሲ ናቸው። መኪናው ግቢ ውስጥ ነው ያለው

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት ምክንያቱም እውነተኛ ባይት ይዘህ መጣህ። 1342 ዲግሪ ምድር ላይ የለም፣ 90 ላይ ያበቃል። ያደረግከው ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ነው። ሉዋ ላይ "ኤልኢ" የሚል ቅጥያ ያለው ማንበቢያ አለ፣ እሱ ትንሹን ባይት ያስቀድማል፣ ኢንቴል ነክ ነገር ላይ የለመደ ሰው ሳያስበው ይጽፈዋል። ይሄ ፕሮቶኮል ግን ትልቁን ነው የሚያስቀድመው፣ ቅጥያውን አውጣው። ያኔ 00 ኤፍ3 12 90 ማለት 15,930,000 ይሆናል፣ ለ1,800,000 አካፍለው (ደቂቃው በ30,000 ተባዝቶ ስለሚላክ፣ አንድ ዲግሪ ደግሞ 60 ደቂቃ ስለሆነ፣ 60 ሲባዛ በ30,000)፣ 8.85 ይወጣል። ሎንጊቱድህ 38.8 አካባቢ ከሆነ አቃቂና ገላን መሃል ነህ ማለት ነው፣ ግቢህ እዛ ከሆነ ጨርሰሃል።

አቅጣጫው ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ሁለቱን ባይት አንድ ላይ ጠቅልለህ ቁጥር አደረግካቸው፣ 15 4ሲ ሙሉውን ሲነበብ አዎ 5452 ነው። ግን አቅጣጫው የመጨረሻዎቹ 10 ቢቶች ብቻ ናቸው፣ ከላይ ያሉት ቢቶች ሌላ ስራ አላቸው፣ አንዷ ጂፒኤሱ ቦታ አግኝቷል ወይ፣ አንዷ ምስራቅ ነው ምዕራብ፣ አንዷ ሰሜን ነው ደቡብ ትላለች። ፊልዱን ስትፈጥር ማስክ (የትኞቹ ቢቶች እንደሚነበቡ የሚለይ ቁጥር) ስጠው ዋየርሻርክ ራሱ ይቆርጥልሃል፣ 332 ይመጣል፣ ማለትም ሰሜን ምዕራብ፣ አፍንጫው ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። ግቢ ውጣና እየው።

እሱው፦ ወጥቼ አየሁት፣ ትክክል ነው ፊቱ ወደ ቃሊቲ ነው 😂

ከዱከም፦ ዲሴክተሬ ለአብዛኛው ይሰራል፣ አንዳንዴ ግን አንድ መስመር ላይ የመጀመሪያውን ብቻ ፈትቶ ሌላውን ይተወዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀይ የሉዋ ኤረር

የጅቡቲ መስመር መኪና ነው አይደል? ገመትኩ። አፋር ውስጥ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሲገባ ትራከሩ ነጥቦቹን ያጠራቅማል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ሁሉንም ባንዴ ይለቀዋል። ቲሲፒ (ትራከሩ ዳታውን የሚልክበት የኔትወርክ ፕሮቶኮል) ደግሞ መልእክት የት እንደሚጀመርና የት እንደሚያበቃ አያውቅልህም፣ ቧንቧ ነው፣ አንዱ የቲሲፒ ክፍል ውስጥ ሰባት መልእክት ተጣብቆ ይመጣል ስምንተኛው ደግሞ ግማሹ እዚህ ግማሹ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ይሆናል። አንተ "አንድ የቲሲፒ ፓኬት አንድ መልእክት" ብለህ ነው የጻፍከው፣ ቢሮ ውስጥ ስትሞክረው ሁሌ እንደዛ ስለነበር ሰራልህ። ቀዩ ኤረር ደግሞ ገና ያልደረሰ ባይት ልታነብ ስትሞክር ነው የሚመጣው።

መፍትሄው ሉዋ ላይ ዲሴክት ቲሲፒ ፒዲዩስ የሚባል ፋንክሽን አለ። ለሱ ሁለት ፋንክሽን ትሰጠዋለህ፣ አንዱ "የዚህ መልእክት ሙሉ ርዝመት ስንት ነው" ሲባል የሚመልስ፣ ሌላው አንድ ሙሉ መልእክት ተቆርጦ ሲሰጠው የሚፈታ። መቁረጡን፣ መጠበቁን፣ መቀጠሉን እሱ ይጨርሰዋል። ርዝመቱ ያው "ርዝመት ሲደመር 5"። ግን ተጠንቀቅ፣ በ79 79 የሚጀምሩ ረጃጅም መልእክቶችም አሉ፣ እነሱ ላይ ርዝመቱ ሁለት ባይት ስለሆነ 6 ነው የሚደመረው። ስለዚህ ቢያንስ 4 ባይት እስኪደርስ ጠብቅ በለው።

ካፕቸር ስታደርግ የፓኬቱን መጠን ገድበህ ከሆነም ጭራው ይቆረጥብሃልና እሱንም እይ።

ከቃሊቲ፦ መልእክት የሚቆጥር ካውንተር ጨመርኩ፣ ፓኬት በነካሁ ቁጥር ይጨምራል!

ዋየርሻርክ ያንተን ፋንክሽን ለአንድ ፓኬት አስር ጊዜ ሊጠራው ይችላል፣ ፋይሉ ሲከፈት፣ ስትነካው፣ ፊልተር ስትቀይር። ፒኢንፎ (ፋንክሽንህ የሚቀበለው የፓኬቱ መረጃ) ውስጥ ቪዚትድ የምትባል አለች፣ እውነት ከሆነች አይተኸዋል ማለት ነው አትቁጠር። የቆጠርከውንም በፓኬቱ ቁጥር አስቀምጠው።

ከሱሉልታ፦ ኢንክሪፕት የተደረገውን ይፈታልኛል?

አይፈታም። ዲሴክተር ትርጉም ነው እንጂ ቁልፍ ሰባሪ አይደለም። ኢንክሪፕሽኑ ቲኤልኤስ የሚባለው ከሆነና አንዱ ጫፍ ያንተ ከሆነ የቁልፍ ሎግ ፋይል አውጥተህ ለዋየርሻርክ ስጠው፣ ካልሆነ እርሳው።

ከለገጣፎ ሌላዋ፦ የፊልዶቹን ስም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል? አለቃዬ እንግሊዝኛ ሲያይ ይዘጋዋል

ይቻላል፣ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ሴቭ አድርጊው። የሚታየው ስም "ፍጥነት"፣ "አቅጣጫ" ይሁን፣ ፊልተር ላይ የሚጻፈው አጭር ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል መሆን አለበት። እኔ የኛን እንዲህ ነው ያደረግኩት፣ ገጣሚዎቹ ራሳቸው ከፍተው ያነባሉ አሁን።

ከአየር ጤና፦ እኛ በተማርንበት ጊዜ ኢተሪያል ይባል ነበር፣ ሌላ ነው?

ጋሼ እሱው ነው። ጄራልድ ኮምብስ በ1998 ያወጣው ኢተሪያል፣ በ2006 በንግድ ስሙ ምክንያት ዋየርሻርክ ሆነ። እርስዎ የሚያውቁት ፊልተር አብዛኛው ዛሬም ይሰራል።

ከጣፎ፦ ትራከርም ሰርቨርም የለኝም ኢንተርኔቴም በካርድ ነው፣ እንዴት ልለማመድ?

ከሁሉም የተሻለ ቦታ ላይ ነህ። ዋየርሻርክ የሄክስ ጽሁፍ ተቀብሎ ፓኬት የሚያደርግ አለው፣ ፋይል ከሚለው ሜኑ ውስጥ። ባይቶቹን ኖትፓድ ላይ ትጽፋለህ፣ የሀሰት የቲሲፒ ራስጌ ከነፖርቱ ይጨምርልሃል፣ በቃ። ሆን ብለህ አበላሽተህም ጻፍ፣ ርዝመቱን ዋሽተህ፣ ሲአርሲውን ቀይረህ። ሲአርሲው ከርዝመቷ ባይት ጀምሮ እስከ ተራ ቁጥሩ ነው የሚሰላው፣ ሳይገጥም ሲቀር ዲሴክተርህ በቀለም የሚያስጠነቅቅ ከሆነ ጎብዘሃል።

ከሰበታ፦ አንተ ራስህ የሰራኸው ትልቁ ስህተት ምንድነው?

እእ። ሰዓት። ትራከሩ ሰዓቱን በስድስት ባይት ነው የሚልከው፣ ዓመት ወር ቀን ሰዓት ደቂቃ ሰከንድ፣ እንደ አይኤምኢአዩ በግማሽ ባይት መስሎኝ ተሳስቼ ነበር ግን እያንዳንዱ ባይት ሙሉውን የሚነበብ መደበኛ ቁጥር ነው፣ እሱን ወዲያው አስተካከልኩት። ያላስተካከልኩት ሰዓቱ በጂኤምቲ (በግሪንዊች ሰዓት) መሆኑን ነው። አንድ ሾፌር ከጠዋቱ 2፡10 ነው የወጣሁት ይላል፣ የኔ ሪፖርት 5፡10 ይላል። ባለመኪናው በኛ ሰዓት ነው ያነበበው፣ ረፋድ 5፡10፣ ሶስት ሰዓት አርፍደሃል ብሎ የቀን አበሉን ያዘበት። ሾፌሩ ምሎ ተገዝቶ ማን ይስማው፣ "ማሽን አይዋሽም" ተባለ። ማሽኑ አልዋሸም፣ ጂኤምቲ 5፡10 እዚህ በፈረንጅ 8፡10 ነው፣ እሱ ደግሞ በኛ 2፡10። ልብ በሉ ከጂኤምቲ ላይ ሶስት መደመር የለመድን ሰዎች ነን፣ ለኛ ሰዓት ግን ሶስት መቀነስ ነው። አሁን ዲሴክተሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳያል፣ ጥሬውን ጂኤምቲና ቅንፍ ውስጥ የኛን።

ከዱከም፦ ሾፌሩ አበሉን አገኘ?

አገኘ፣ እኔው ሄጄ ባለመኪናውን አስረዳሁት፣ ወረቀት ላይ ስድስቱን ባይት ጽፌ። ሾፌሩ ግን እስካሁን ግቢ ውስጥ ባየኝ ቁጥር ከመስኮት ብቅ ብሎ "ጌታው፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ይለኛል።