የፓዶኩን አጥር እንዳትነኩት

እህቴ፣ «ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጥንታዊ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ የዝግጅት ክፍል ተቀጠርኩ፤ ተወራራጁን ሳላስቀይም ቤተሰብ እንዴት ላምጣ?» ብለሻል። እኔ እንዲህ ያለ ሜዳ ውስጥ የውርርድ መስኮት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አለቆችሽ ባንድ አምጪ፣ ድንኳን ትከዪ ማለታቸው አይቀርም፤ አንቺ ግን መጀመሪያ እነዚህን ያዢ።

1. ፈረሱን ከሰው አታርቁ። ፓዶኩን ማለቴ ነው፣ ከሩጫው በፊት ፈረሶቹ የሚዞሩበትን። ተወራራጁ እዚያ ቆሞ ፈረሱ አልቦት እንደሆነ ያያል፣ አረማመዱን ያጠናል። ልጅም ፈረስን በቅርብ የሚያየው እዚያው ነው። እኛ ጋ ግን ቦታውን ለከፋይ እንግዶች ብለው አጠሩት። የድሮ ደንበኞቼ «በስክሪን እዩ» ተባሉ። በስክሪን ከሆነማ ቤታቸው ቁጭ ብለው በስልክ ያስይዛሉ! ቀሩ። ልጅ ይዘው የሚመጡትም ቀሩ። ይህን ልነግር ቢሮ ብሄድ፣ ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል «ያንተ ሥራ መስኮቱ ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባት ልጁን አቅፎ 2 ዶላር ሲያስይዝ ፊቱን የማየው እኮ እኔ ነበርኩ! ስለ ደንበኛው ከእኔ በላይ ማን ይጠየቃል?

2. ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ። ኒውዮርክ ግዛት ያለው ሳራቶጋ ከ1863 ጀምሮ ፈረስ ይሮጥበታል። ሰው ምግቡንና መጠጡን በማቀዝቀዣ ይዞ ይገባል፤ ዛፍ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ለመያዝ ጠዋት በር ሲከፈት ይሮጣል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ እዚያው ይውላል፣ በየሩጫውም ትንሽ ትንሽ ያስይዛል። «የምግብ ሽያጫችን ይቀንሳል» ካሉሽ ይህን ንገሪያቸው።

3. ከውርርዱ ቋት የሚቆረጠውን ድርሻ (ሰው ካስያዘው ገንዘብ ለአሸናፊዎች ሳይከፈል የሚቀረውን) አትጨምሩ። ቤተሰቡ ላያስተውለው ይችላል፣ ተወራራጁ ግን ሳንቲሟን ያውቃታል። ኬንታኪ ያለው ኪንላንድ በ2017 ከአንድ ፈረስ ውርርድ የሚቆርጠውን ከ16 ወደ 17.5 በመቶ ከፍ ቢያደርገው ተወራራጆች አደሙበት። በ2018 ወደ 16 መለሰው።

4. ወንበርና ሽንት ቤት። እዚያው ሜሪላንድ ያለው ፒምሊኮ በ1870 የተከፈተ ስመ ጥር ሜዳ ነው። ሆኖም በ2019 ከፕሪክነስ ውድድር በፊት 6,670 መቀመጫዎቹ ለደኅንነት ሲባል ተዘግተዋል። ለባንድ የምታወጡትን ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት።

ሌላው፣ ለጀማሪ አንድ መስኮት ለይታችሁ ስጡ። እኔ ማንም ሳያዘኝ አዲስ ለሚመጣ ሁሉ የሩጫው ፕሮግራም እንዴት እንደሚነበብና ውርርድ እንዴት እንደሚያስይዝ አስረዳ ነበር። በሌላ ቀን ሲመጡ የእኔን መስኮት ፈልገው ይሰለፋሉ፤ በዚህ እስካሁን እኮራለሁ። ችግሩ ከኋላቸው ነው። ነባሩ ተወራራጅ ሩጫው ሊጀመር 2 ደቂቃ ሲቀረው ከጀማሪ ኋላ ከተያዘ ይናደዳል፤ ሳያስይዝ ካመለጠው ደግሞ ጀማሪውን ይሰድበዋል፣ ያ ቤተሰብም ዳግም አይመጣም። መስኮቱን መለየት ወጪ የለውም፣ ዛሬውኑ ጠይቂ።