ወለሉን አንስታችሁ የበሰበሰ እንጨት ላገኛችሁት

«የበሰበሱትን የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች ቀይረን ወለሉን እንዝጋው ወይ?» ላላችሁት፣ እኔ ብሆን አልዘጋውም። ገና ነው።

እንጨት ዝም ብሎ አይበሰብስም። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ አይይዘውም። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ አዲስ እንጨት ብታስገቡ እሱም ተራውን ይጠብቃል።

መጀመሪያ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን እዩት። ማንም ሳይጠቀም ከዞረ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ካልዞረ ደግሞ የፍሳሽ መስመሩን ጠርጥሩ፤ እሱ ቆጣሪ ላይ አይታይም። አሸንዳው የዝናቡን ውሃ ግድግዳው ሥር እየደፋ እንደሆነም እዩ። ብዙ ጊዜ ጉዱ እዚያ ነው፣ ግን ሰው ወደ ታች ሲቆፍር ቀና ብሎ ማየት ይረሳል።

ጤነኛ የሚመስለውንም እንጨት በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። በተለይ ግድግዳ ውስጥ የገባውን ጫፍ። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ዱቄት የሆነ አጋጥሞኛል። መሠረቱ ላይ እርሳስ የሚያክል የጭቃ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ ግን ምስጥ ነው፤ ያ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል።

መሠረቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ከሰመጠ አናጺውን አቁሙና መሐንዲስ ጥሩ። እስከዚያ ወለሉ ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይግባው።