«ሊከፍል ደርሷል» የሚባል ነገር የለም

ወንድሜ፣ «ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ስሎት የሚባለውን፣ ሥዕል የሚሽከረከርበትን ቁማር ይጫወታል፤ ብዙ ስለተበላሁ አሁን ሊከፍለኝ ደርሷል ይላል፣ እውነት ነው?» ላልከው፣ አይደለም። ማሽኑ የበላውን አያስታውስም። ቁልፉን በተጫነባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፣ አለቀ። የሚሽከረከረው ሥዕል ጌጥ ነው።

ባለፈው ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶዬን ይዤ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ስልክ ላይ ዓይኔ አረፈ። 20 ብር አስይዞ 8 ብር ደረሰው። ስልኩ ግን ሙዚቃ ለቀቀ፣ ሳንቲም አዘነበ! ልጁ 12 ብር ተበልቶ ፈገግ አለ። ቀጥሎ ሁለት 7 መጡ፣ ሦስተኛው ለጥቂት አለፈ። «አየህ፣ ቀርቤ ነበር!» አለኝ። የምን መቅረብ? ለጥቂት መሳትም ያው መሳት ነው፤ ለዓይን ብቻ ነው የቀረበው። እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ጣትን ይበልጥ ያሳክካል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ማሽኑ ከሚያዝለት ገንዘብ በአማካይ 95 በመቶውን ይመልሳል እንበል። በየ6 ሴኮንዱ 10 ብር የሚያስይዝ ሰው በሰዓት 6,000 ብር ያንከባልላል፤ በአማካይ 300ው እዚያው ይቀራል። አልፎ አልፎ ማብላቱ አይቀርም፣ መቼ እንደሆነ አለመታወቁ ነው ሰውን የሚያስቀምጠው።

ጓደኛህን አትከራከረው። የቴሌብር ታሪኩን አስከፍተህ የወጣውንና የገባውን አብራችሁ ደምሩ።