የፖቶማክ ስኔክሄድ በቀስት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በዋሽንግተን ዲሲ በኩል ከሚያልፈው ከፖቶማክ ወንዝ በቀስት ወግቼ ይዤው የመጣሁትን ስኔክሄድ፣ ማለትም ራሱ እባብ የሚመስለውን አሳ፣ ያያችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል። እንደ ቅደም ተከተሉ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አሳ በቀስት መውጋት ጭካኔ አይሆንም?

መልስ፦ ያገኘኸውን አሳ ሁሉ ብትወጋ አዎ፣ ይሆናል። ስኔክሄድ ግን እዚህ መጤ ነው። አገሩ ቻይና፣ ኮሪያና ሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሜሪላንድ ውስጥ ክሮፍተን በምትባል ከተማ ኩሬ ውስጥ ተገኘ፤ አንድ ሰው ለሾርባ ብሎ ከነሕይወታቸው ገዝቷቸው ሳይፈልጋቸው ሲቀር የለቀቃቸው ሁለት አሳዎች ተራብተው ነው። ኩሬውን በመድኃኒት አጸዱት። በ2004 ግን ፖቶማክ ላይ ብቅ አለ፣ ወንዝ ደግሞ እንደ ኩሬ አይታከምም። ጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውን ያየ ሰው መጤ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ጥያቄ፦ ቀስቴ ሁልጊዜ ከአሳው በላይ ነው የሚያልፈው። ምን እየሆንኩ ነው?

መልስ፦ ዓይንህ እያታለለህ ነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማንኪያ ክተት፣ የተሰበረ ይመስላል አይደል? አሳውም ካለበት ከፍ ብሎ ነው የሚታይህ። ስለዚህ ከሆዱ በታች አልም። የተለመደው ስሌት፣ አሳው 10 ጫማ ርቀት ላይ ሆኖ አንድ ጫማ ከጠለቀ አራት ኢንች ዝቅ ማለት ነው፤ ሁለት ጫማ ከጠለቀ ስምንት ኢንች። ማታ ግን ማን ያሰላል፣ እጅህ እስኪለምደው ብዙ ትስታለህ።

ጥያቄ፦ ዕቃው ውድ ነው?

መልስ፦ የሰው ያገለገለ ደጋን ይበቃል። ለመሳብ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ ጉልበት የሚፈልግ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀስቱ ላባ የለውም፣ ከበድ ያለ ነው፣ ጫፉ ላይ አሳው እንዳያመልጥ የሚይዝ እሾህ አለው፣ ከኋላው ገመድ ይታሰራል። ይሄን ገመድ አደራ! ከደጋኑ ወይም ከልብስህ ቁልፍ ጋር ተጠላልፎ ከለቀቅከው ቀስቱ ተስፈንጥሮ ወደ ፊትህ ይመለሳል። እኔ ሁሌም ከመሳቤ በፊት ገመዱን በጣቴ እዳስሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቅርፊት የሌለው አሳ አትበላም። ይሄስ?

መልስ፦ ክንፍም ቅርፊትም አለው፣ አይስጉ በላት። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ነው፣ ጉላሽ ሲሠራ አይፈራርስም። ሜሪላንድ በ2024 ሰው እንዲበላው ብላ «ቼሳፒክ ቻና» የሚል ስም ሰጥታዋለች። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ካሉ ግን መንግሥት ስለ ወንዙ አሳ የሚያወጣውን የጤና ማሳሰቢያ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ከነሕይወቱ ቤት ባመጣውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሕግ ይከለክላል። አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶም ብዙ ይቆያል፣ እዚያው ገድለህ በረዶ ውስጥ ክተተው። የማጥመጃ ፈቃድም ያስፈልግሃል፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ደንብ ስለሚለያይ የምትቆምበትን ዳር እወቅ።

ጥያቄ፦ ሌላ አሳ ብመታስ? ማታ ሁሉም አንድ ይመስላል።

መልስ፦ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይሄን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። በመንጠቆ የተያዘ አሳ ይለቀቃል፣ በቀስት የተወጋ ግን አይለቀቅም። ቦውፊን የሚባል አገር በቀል አሳ አለ፣ ከስኔክሄድ ጋር ብዙዎች ያምታቱታል። ከላይ ስታየው ስኔክሄድ ጎኑ ላይ እንደ ዘንዶ ቆዳ ጠቆር ያለ ዝንጉርጉር አለው። ቦውፊን እንዲህ ዓይነት ጉልህ ዝንጉርጉር የለውም፣ ወንዱ ጅራቱ ሥር ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጥብ አለው። ወደ መሃል አሜሪካ ወንዞች ደግሞ ካርፕ የሚባለው መጤ አሳ ነው እያሉ ቢግማውዝ ቡፋሎ የሚባለውን አሳ ይወጉታል። አገር በቀል ነው፣ ከ100 ዓመት በላይ እንደሚኖር በጥናት ተረጋግጧል። ከአያትህ የሚበልጥ አሳ ወግቶ ዳር ላይ ጥሎ መሄድ ያሳፍራል። አሳውን ካልለየኸው ቀስቱን አትልቀቅ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ እንዲህ እየወጋን እናጠፋዋለን?

መልስ፦ አናጠፋውም። ሴቷ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ግን ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን ይጠብቃሉ፤ ውሃው ላይ ትንንሽ አሳዎች ተሰብስበው እንደ ዝናብ ጠብታ ውሃውን ነካ ነካ ሲያደርጉ ካየህ ትልቁ ከሥር አለ። እሱን ስታነሳ ሌሎች አሳዎች ጫጩቶቹን ይበሏቸዋል። ለአንድ የወንዙ ጥግ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ልውሰደው?

መልስ፦ ውሰደው፣ ግን መጀመሪያ ያለ ደጋን። ቀን ላይ፣ የውሃ ነጸብራቅ የሚያጠፋ መነጽር አድርጎ ዳር ዳሩን ይሂድ። ያየውን አሳ በስሙ እየጠራ ይንገርህ። አሥሩን ሳይሳሳት ከነገረህ ያን ጊዜ ደጋኑን ስጠው።