ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚመለስ የፈረስ እግር ቁስል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ ፈረሴ ዝናብ ሲጀምር የኋላ እግሮቹ ላይ፣ ከሰኮናው ከፍ ብሎ ያለው እጥፋት ጋ ቅርፊት ይይዛል፣ ስነካው እግሩን ይነጥቀኛል። በየቀኑ ጭቃውን አጥብለታለሁ፣ ቅርፊቱን አንስቼ ቅባት እቀባዋለሁ፣ ሻል ይለውና ደሞ ይመለሳል። ነጩ እግሩ ላይ ይብስበታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። እንደዚህ እየለፋህለት አልድን ሲል በጣም ያሳዝናል፣ ግን መጀመሪያ በየቀኑ ማጠቡን አቁም። ልብስ ስታጥብ የዋለ እጅህ እንዴት እንደሚሟሽሽ ታውቃለህ አይደል፣ የሱም ቆዳ እንደዛ ሲሆን ይሰነጠቅና ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ዋናዎቹ ዴርማቶፊለስ እና ስታፊሎኮከስ የሚባሉት ናቸው። ስለዚህ ጭቃውን እስኪደርቅ ተወውና በለስላሳ ብሩሽ አራግፍለት።

ደረቅ ቅርፊትም በጥፍር አትላጥ፣ ያመዋል፣ ከስሩም አዲስ ቁስል ትከፍታለህ። ጓንት አድርግ (ዴርማቶፊለስ ወደ ሰውም ይተላለፋል)፣ ፀጉሩን ቀስ ብለህ ቁረጥለት፣ ከ2 እስከ 4 ፐርሰንት ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ያለው ሻምፖ ቀብተህ 10 ደቂቃ አቆየው፣ የለሰለሰው ቅርፊት ራሱ ይለቃል፣ ያልለቀቀውን ለሌላ ቀን ተወው። በደንብ አለቅልቀህ በንፁህ ፎጣ እጥፋቱ ውስጥ ድረስ አድርቅ። ማድረቁ ከመድኃኒቱ እኩል ነው፣ ሰው ግን የሚዘለው እሱን ነው። መጀመሪያ አካባቢ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ይበቃል። እርጥብ ቆዳ ላይ ወፍራም ቅባት መለደፍ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው ያብሰዋል።

ይሄን ሁሉ አድርገህም ከተመለሰ ግን ስሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት እየቀያየርክ አትድከም። ሌሊት እግሩን መሬት ላይ እየደበደበ፣ እርስ በርስ እያሻሸ ካየኸው፣ በተለይ እግሩ ፀጉራም ከሆነ፣ ኮርዮፕተስ የምትባል የእከክ ተባይ ልትሆን ትችላለች፣ ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያያታል፣ በአፍ የሚሰጥ አይቨርሜክቲን (የጥገኛ ተባይ መድኃኒት) ብቻውን ብዙ ጊዜ አያጠፋትም፣ ቆዳው ላይ የሚደረግ ህክምና ያስፈልጋል፣ አብረውት ያሉት ፈረሶችም አብረው መታከም አለባቸው። ቁስሉ ነጩ እግር ላይ ብቻ ከሆነና ፀሐይ ሲያገኘው ከባሰ ደሞ የበላው ሳር ወይም የጉበት ችግር ቆዳውን ፀሐይ እንዳይችል አድርጎት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ አስደርግለት፣ አንተ የነገርከኝ ነጭ እግር እኔን ያሳሰበኝ ለዚህ ነው።

ማታ የሚያድርበት ቦታ ደረቅ ጉዝጓዝ ይኑረው፣ ቀን መውጫው ላይ ጭቃው የሚበዛበትን በጠጠር ሙላው።

እግሩ ድንገት ወደ ላይ ካበጠ፣ ካነከሰ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ሻምፖውን ተውና በዛው ቀን ሐኪም ጥራ፣ ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚሆን አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል።